ደብል ጋቢና ወይስ ሲንግል? የፒክአፕ ጭነትና ጉተታ ንጽጽር ለጎጃም መንገድ

ሁለት ፒክአፕ ጎን ለጎን ቆመዋል። ፋብሪካቸውም ሞተራቸውም አንድ ነው። አንደኛው ከብቸና ገበያ 10 ኩንታል ጤፍ ጭኖ ቢነሳ ከልኩ አያልፍም። ሌላኛው 5ኛውን ኩንታል ሲጭን ከልኩ አልፏል። በዋጋ የሚወደደው ደግሞ ትንሽ የሚጭነው ነው።

ምክንያቱ ቀላል ሂሳብ ነው። ፋብሪካው ለመኪናው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት ይወስንለታል፤ ጂቪኤም የሚባለው እሱ ነው። መኪናው ራሱ፣ ናፍታው፣ ተሳፋሪው፣ ጭነቱና በኋላ የተገጠመለት ሁሉ ተደምሮ ከዚያ መብለጥ የለበትም። ከጂቪኤሙ ላይ ባዶ ክብደቱ ሲቀነስ የሚተርፈው የመጫን አቅሙ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ረድፍ ወንበር፣ ሁለት ተጨማሪ በር፣ የቆዳ መቀመጫ፣ የጎን መረገጫ፣ ሰፊ ቸርኬ በተጨመረ ቁጥር የሚቀነሰው ከጭነቱ ላይ ነው።

በተጠጋጋ ቁጥር እናስላው። ሁለቱም ጂቪኤማቸው 3,050 ኪሎ ይሁን። ሲንግሉ ባዶውን 1,850 ቢመዝን 1,200 ኪሎ ይተርፈዋል፤ ሾፌርና ረዳት በ140 ኪሎ ሲቀነሱ 1,060፣ ማለትም 10 ኩንታል ከነትርፉ። ፉል ኦፕሽን ደብል ጋቢናው 2,150 ይመዝናል፤ የሚተርፈው 900 ነው። 5 ሰው ሲሳፈር 350 ኪሎ ይሄዳል፣ 550 ይቀራል። ከዚያ ባለቤቱ 50 ኪሎ የሚመዝን የብረት ፓራውልት፣ 30 ኪሎ ፖርቶ መጋላ፣ 70 ኪሎ የካሶኒ (የኋላው የጭነት ሳጥን) ሽፋን አስገጥሟል። የቀረው 400 ኪሎ ነው፤ 4 ኩንታል። ሻጩ «አንድ ቶን ይጭናል» ሲል ስለ የትኛው ሞዴል እንደሚናገር መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

የሁለት ፋብሪካ ብሮሹር ሲያነጻጽሩ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በአውሮፓ አቆጣጠር ባዶ ክብደት ውስጥ 75 ኪሎ ለሾፌር ተብሎ ተደምሯል፤ በሌላ አገር ብሮሹር ሾፌሩ አልተቆጠረም። ሁለቱን ሳያስተካክሉ ማወዳደር የ75 ኪሎ ስህተት ነው። ትክክለኛው ቁጥር ያለው መኪናው ላይ ነው፤ የሾፌሩን በር ከፍተው ምሰሶውን ወይም ኮፈኑን አንስተው ታርጌታውን (ክብደቶቹ የተጻፉበትን ትንሽ ሰሌዳ) ይፈልጉ። የአውሮፓ ደረጃ ባለው ታርጌታ ላይ አራት ቁጥር በቅደም ተከተል ይገኛል፦ ጠቅላላ ክብደት፣ ከተሳቢ ጋር ጠቅላላ ክብደት፣ የፊት አክስል፣ የኋላ አክስል (የፊትና የኋላ ጎማዎች የተያያዙበት ብረት የሚችለው)። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለው ተለጣፊ ወረቀት ሰውና ዕቃ ተደምሮ ስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት በቀጥታ ይነግራል። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው የጭነት ልክ ጋር ያመሳክሩት፤ ካልተስማሙ በትንሹ ይመሩ።

ካሶኒው የት ላይ እንዳረፈ

ሰው ብዙ ጊዜ የካሶኒውን ርዝመት ብቻ ያያል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የሃይሉክስ ትውልድ ሲንግሉ 2.3 ሜትር፣ ኤክስትራ ካቡ (ከወንበሩ ጀርባ ትንሽ ቦታ የተጨመረለት ጋቢና) 1.8 ሜትር፣ ደብሉ 1.5 ሜትር ያህል ካሶኒ አለው። ከፊትና ከኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ግን በሦስቱም 3,085 ሚሊ ሜትር ነው። ጋቢናው ሲረዝም ካሶኒው ወደ ኋላ ተገፍቷል ማለት ነው። በሲንግሉ የጭነቱ መካከል ከኋላ አክስል ፊት ይውላል፤ በደብሉ አክስሉ ላይ ወይም ከዚያ ወደ ኋላ ይወድቃል።

ይህ በተግባር ምን ያደርጋል? 200 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ማለትም 4 ከረጢት፣ ከኋላ አክስል 1 ሜትር ወደ ኋላ ተቀመጠ እንበል። የኋላ አክስሉ የሚሸከመው 200 ሳይሆን 265 ኪሎ ነው፤ 65ቱ ከፊት ጎማ ላይ ተነስቶ የመጣ ነው። መሪው ይቀላል፣ የፊት ፍሬን መያዣ ያጣል፣ ማታ መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል። በሞጣና በብቸና ገጠር ኮረኮንች ላይ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ያ ክብደት እንደ መዶሻ ይመታል፤ በመጨረሻ ሻንሲው (መኪናው የተሠራበት የሥር ብረት) ከጋቢናው ጀርባ ይጎብጣል። ስለዚህ ደብል ጋቢና ያለው ሰው ከባዱን ዕቃ ከጋቢናው ጋር አስጠግቶ ይጫን፤ ቀላሉንና ትልቁን ወደ ኋላ። ውኃ ለሚያመላልስ ደግሞ 1,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ብቻውን 1,000 ኪሎ ነው፤ ከደብል ጋቢና ጋር አይሄድም። ግማሹን ሞልቶ መሄድም መፍትሔ አይደለም፤ ውኃው በየጥምዝዙ ወዲያና ወዲህ ይገፋል።

ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ማስጨመር ጂቪኤሙን አይጨምርም። መኪናው ሲጫን ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ባለቤቱም ችሎታው የጨመረ ይመስለዋል፤ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ሻንሲው ግን የድሮዎቹ ናቸው። የመጀመሪያው ተጠቂ ብዙውን ጊዜ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ነው።

ሞላ ያላቸው ደብል ጋቢናዎች

በዚህ ላይ ትልቁ ልዩነት ይታያል። ፎርድ ሬንጀር ተራው ሞዴል ከኋላ በባሌስትራ ቆሞ አንድ ቶን አካባቢ ይጭናል፣ ፍሬን ያለው ተሳቢ ደግሞ እስከ 3,500 ኪሎ ይጎትታል። ራፕተር የሚባለው ውዱ ሬንጀር ከኋላ በሞላ የቆመ ነው፤ የሚጎትተው 2,500 ኪሎ፣ የሚጭነውም ከ800 ኪሎ በታች ነው። ለፍጥነትና ለአሸዋ የተሠራ መኪና ነው፤ ለጤፍ ነጋዴ አይሆንም። ኒሳን ናቫራም በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ትውልድ በብዙ ገበያ ደብል ጋቢናው በሞላ ነው የሚመጣው። ባዶውን ሲነዱት ከሁሉም ይመቻል፤ ሙሉ ጭኖ ግን ከባሌስትራው ይልቅ ኋላው ይተኛል። ሰው የሚያመላልስ መሥሪያ ቤት ቢመርጠው አይሳሳትም።

ጎማም የዚሁ ሂሳብ አካል ነው። ጎኑ ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር የመሸከም ልኩ ነው፦ 104 ማለት 900 ኪሎ፣ 110 ማለት 1,060፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ በአንድ ጎማ። ፋብሪካው 112 ገጥሞለት የነበረ መኪና ርካሽ 104 ከተገጠመለት ሁለቱ የኋላ ጎማዎች 440 ኪሎ አጥተዋል፤ ቆላ ሲወርድ መፈንዳት የሚጀምረው እንዲህ ያለው ነው።

ጉተታ፦ 3,500 የሚለው ቁጥር መቼ ይሠራል?

3,500 ኪሎ የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ ብቻ ነው። ፍሬን ለሌለው ልኩ በአብዛኛው ፒክአፕ 750 ኪሎ ነው፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ለበቆሎ መፈልፈያ ወይም ለመውቂያ ማሽን መጎተቻ ፒክአፕ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው ማሽኑ ፍሬን እንዳለው ነው። ከሌለው፣ 3,500 የሚለው ብሮሹር እሱን አይመለከተውም፤ ለተጨማሪው ኦፕሽን የሚከፍለው ገንዘብም በከንቱ ነው።

ካምቢዮም ለውጥ ያመጣል። ከ2020 እ.ኤ.አ. በፊት በአውስትራሊያ ገበያ 2.8 ሊትሩ ሃይሉክስ ማኑዋሉ 3,500፣ አውቶማቲኩ 3,200 ኪሎ ነበር የሚጎትተው፤ ከ2020 እድሳት በኋላ ነው ሁለቱ እኩል የሆኑት። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ዓመተ ምርቱን ይይ።

ተሳቢው መጎተቻው ላይ የሚጥለው ክብደት ከራሱ ክብደት 10 በመቶ ያህል መሆን አለበት። ካነሰ ተሳቢው እንደ እባብ ይወዛወዛል። 2,000 ኪሎ ተሳቢ 200 ኪሎ ይጥላል፤ ያ 200 ደግሞ ከጭነት አቅም ላይ ይቀነሳል። ከላይ 400 ኪሎ የቀረው ደብል ጋቢና አሁን 200 ቀረው፤ 2 ኩንታል።

ከፍታውም አለ። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ነች፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያንሳል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር ብዙውን ያካክሳል፤ ቱርቦ የሌለው፣ ለምሳሌ የላንድክሩዘር 79 ባለ 4.2 ሊትር ናፍታ ሞተር፣ ሩቡን ጉልበቱን ያጣል። ያ ሞተር ለጥገና እጅግ ምቹ፣ ሻንሲውም ከሁሉም ጠንካራ ነው፤ ለጭነት እንመርጠዋለን፣ ዳገት ላይ ከባድ ተሳቢ ለመጎተት ግን አይደለም። የአንዳንድ አውሮፓ መኪኖች መመሪያ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከተሳቢ ጋር ካለው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ ይቀነስ ይላል። ለጎጃም ደጋ 20 በመቶ ቀንሶ ማስላት ይሻላል፦ 6,000 የተባለው 4,800 ይሆናል፤ መኪናው 3,000 ከሆነ ለተሳቢው 1,800 ይቀራል።

ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ፈተናው ፍሬን ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ሙሉ የጫነ መኪና ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት 2ኛ ወይም 3ኛ ማርሽ ይግባ፤ አውቶማቲክ ከሆነ በእጅ ወደሚቀየረው ይዙር። ፍሬን ሳያቋርጡ ይዞ መውረድ ዘይቱን ያፈላል፤ ፔዳሉ ሲላላና የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ ቆሞ ማቀዝቀዝ እንጂ ውኃ ማፍሰስ አይገባም፣ የጋለ ዲስክ ይሰነጠቃል።

ለማን የቱ?

እህል፣ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ ለሚጭን፦ ሲንግል ጋቢና፣ ባሌስትራ፣ ተራ ደረጃ፣ የብረት ቸርኬ። ጥያቄ የለውም። አምስት ሠራተኛና መሣሪያ ይዞ ለሚወጣ ደብል ጋቢና፣ ግን መካከለኛው ደረጃ፤ ፉል ኦፕሽኑ ለጭነት ምንም አይጨምርም። ኤክስትራ ካብ በአገራችን እምብዛም አይፈለግም፣ ሲሸጥም ይቸግራል፤ ሁለት ሰውና ሙሉ ጭነት ለሚይዝ ግን ሸክሙን ከደብሉ በተሻለ ያስተካክላል።

ያገለገለ ከሆነ ሳይከፍሉ በፊት በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለውን ክፍተት ከጎን ይመልከቱ። ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ሻንሲው ጎብጧል። ከዚያ ከሥር ገብተው በዚያው ቦታ የሻንሲውን ቀለም በእጅ ይዳብሱ፤ የተሸበሸበ ወይም አዲስ የተቀባ ከሆነ፣ ባሌስትራውም ፍሬ ተጨምሮበት ከተገኘ፣ ሌላ መኪና ይፈልጉ።