ከመርካቶ የተገዛ ባለ 10 መቀጠያ ዳዶ፦ ርካሹና ጥሩው

ከኮርኒስ በላይ ቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ መሸከሚያ የሚሰቅል ሰው ይህን ዕቃ ያውቀዋል። 1 ሜትሩ ስሬድ ሮድ (ከዳር እስከ ዳር እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት የብረት ዘንግ) አልደርስ ሲል ሁለት ሮድ ጫፍ ለጫፍ የሚያገናኘው ረጅሙ ዳዶ ነው። ለአንድ ሱቅ ሥራ ባለ 10ሩን፣ ማለትም 10 ሚሊ ውፍረት ላለው ሮድ የሚሆነውን፣ ፈልጌ መርካቶ ሄድኩ። ሁለት ዓይነት አገኘሁ፣ ሁለቱንም ገዛሁ።

ርካሹ ላይ ላዩን ሲያዩት ምንም አይወጣለትም። ነጭ ነው፣ ያብረቀርቃል። ጉዱ ያለው ጥርሱ ላይ ነው። ሮዱ ከአንዱ በኩል ሰተት ብሎ ይገባና መሀል ላይ ሲደርስ ይይዛል፣ ከሌላው በኩል ደግሞ ይወዛወዛል። በመፍቻ አስገድዶ ማስገባት ይቻላል፤ ግን ጥርሱን እየበላ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደሚሸከም በምን ይታወቃል? ሰው ራስ ላይ ለሚንጠለጠል ነገር በፍጹም አልጠቀምበትም።

ሁለተኛው ወደድ ይላል፣ ግን ዋጋው ይገባዋል። ርዝመቱ 30 ሚሊ ነው፣ የሮዱ ውፍረት 3 እጥፍ ማለት ነው፤ የጀርመኑ ዲን 6334 ደረጃም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በ17 ቁጥር መፍቻ ይታሰራል። በጣም ደስ ያለኝ ግን ጎኑ ላይ፣ መሀል ለመሀል ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ናት። ሁለቱ ሮዶች መሀል ድረስ መግባታቸው በእሷ ይታያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዱ ሮድ ሳይታወቅ 25 ሚሊ ቢገባ ለሌላው የሚተርፈው 5 ሚሊ ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ ሦስት ጥርስ ገደማ ነው፣ ከውጭ ላየው ሰው ግን ምንም ችግር የለበትም፣ ክብደቱን ሁሉ ግን የሚይዙት እነዚያ ሦስት ጥርሶች ናቸው። ቀዳዳ የሌለውን ከገዛችሁ ሮዱን ከጫፉ 15 ሚሊ ለክታችሁ በማርከር አስምሩበት። ዳዶው መስመሩ ላይ ሲደርስ ይቁም።

ሌላው ራስ ምታት የኢንችና የሚሊ መደባለቅ ነው። የ3/8 ኢንች ሮድ 9.5 ሚሊ ስለሆነ ከባለ 10ሩ ጋር በዓይን አይለይም። የባለ 10ሩ ጥርስ ከጥርስ 1.5 ሚሊ ይራራቃል፣ የ3/8ቱ ወደ 1.6 ይጠጋል። አጭር ዳዶ ላይ ጥቂት ዙር ላላ ብሎ ሊገባ ስለሚችል ያታልላል። ረጅሙ ላይ ግን ልዩነቱ በየዙሩ እየተጠራቀመ ሄዶ ይነክሳል። ስለዚህ ሂሳብ ሳትከፍሉ በፊት ሮዱን በእጃችሁ ከዳር እስከ ዳር አሳልፉት። ባለሱቁ ለዚህ ሊመሰገን ይገባዋል፤ «ወንድሜ፣ ሮድህን ይዘህ ና፣ ሞክረህ ውሰድ» ነው ያለኝ። እንዲህ የሚል ሻጭ ብዙ አይገኝም።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ጥሩው ዳዶ ላይም የጥንካሬ ደረጃው አልተቀረጸበትም፣ ሻጩም አያውቀውም። ስለዚህ ለቧንቧና ለገመድ መሸከሚያ ተጠቀምኩበት፣ ከባድ ማሽን ግን አልሰቅልበትም። ፓምፕ አጠገብ ወይም የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ እንዳይላላ ከላይ አንድ ከታች አንድ ተራ ዳዶ አስገብታችሁ ወደ ረጅሙ አጥብቁት። እነሱንም ከዚያው ሱቅ፣ ከዚያው ጥርስ ግዙ።