ለማናስሉ ተራራ ጉዞ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት፦ «ሙሉ አገልግሎት» ተብሎ ስለሚሸጥ ውል የቀረበ ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው ኔፓል ውስጥ የሚገኘውን የማናስሉን ተራራ በአስጎብኚ ድርጅት እየተመራችሁ ለመውጣት የምትዘጋጁ ወገኖቼ፣ በተለይም በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ እንድታነቡ ነው። ማናስሉ 8,163 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በዓለም በከፍታው ስምንተኛ የሆነ ተራራ ነው። ከ8,000 ሜትር በላይ ከሆኑት አሥራ አራት ተራሮች መካከል «ለጀማሪ የሚሆን» እየተባለ በብዛት የሚሸጠው እሱ ስለሆነ፣ በዚህ ዓይነት ውል የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ከፍታ የሚሞክሩ ሰዎች ናቸው። እኔና ጓደኞቼ የተዋዋልነው ካትማንዱ ከሚገኝ አንድ ድርጅት ጋር ነበር። ቀብዳችንን ለማስመለስ ከድርጅቱ ጋር የያዝነው ክርክር ገና ስላላለቀ ስሙን አልጠቅስም፤ ይሁን እንጂ የውሉን ይዘት እንዳለ አቀርባለሁ።

ማስታወቂያው «ሙሉ አገልግሎት፣ ከመንገድ መሪ ጋር፣ የቀደመ ልምድ አያስፈልግም» ይል ነበር። ዋጋው ሌሎች ድርጅቶች ከጠየቁን ከግማሽ በታች ነው። የጽሑፍ ውሉ የተላከልን ቀብዱ ከገባ በኋላ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተራራውን የመውጫ ፈቃዱ፣ የቤዝ ካምፕ (ወደ ጫፉ መውጣት የሚጀመርበት የታችኛው ሰፈር) ድንኳኑና ምግቡ፣ የዕቃ ተሸካሚው ክፍያና የካትማንዱ ሆቴል በዝርዝር ሰፍረዋል። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ከሌላው ጽሑፍ ባነሰ ፊደል፣ «ድርጅቱ የሚሰጠው አገልግሎት በቤዝ ካምፕ ይጠናቀቃል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ከሥሩም ሼርፓ (አብሮ የሚወጣ የተራራ መሪና ረዳት)፣ ኦክስጅን፣ ከቤዝ ካምፕ በላይ የሚያስፈልግ ድንኳንና ምግብ «በተጨማሪ ክፍያ የሚቀርቡ» ተብለው ተጽፈዋል፤ የአንዳቸውም ዋጋ አልተጠቀሰም። በስልክ ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «እዚያ ስትደርሱ እንነጋገራለን» የሚል ነበር።

በቤዝ ካምፕ የሚያበቃ አገልግሎት በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ከቤዝ ካምፕ በላይ ያለውን መንገድ ራሳቸውን ችለው የሚወጡ፣ የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ተራራ ወጪዎች ፈቅደውና አውቀው የሚገዙት የታወቀ አሠራር ነው። ጥፋቱ ያንኑ አገልግሎት «ከመንገድ መሪ ጋር» ብሎ ልምድ ለሌለው ሰው መሸጥ ነው። የማናስሉ ቤዝ ካምፕ ከ4,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ቤቱን ጥሎ፣ ፈቃድ ወስዶ፣ አየር እያጠረው እዚያ የደረሰ ሰው ለሼርፓና ለኦክስጅን የተጠየቀውን ዋጋ ከመክፈል ወይም ጉዞውን ትቶ ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም። «እዚያ እንነጋገራለን» የተባለውም ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በላይ ያለው መንገድ ብቻን የሚኬድበት አይደለም። ብዙውን ጊዜ አራት ካምፖች የሚተከሉ ሲሆን፣ የመጨረሻው ከ7,000 ሜትር በላይ ነው፤ በመካከሉ የተሰነጠቀ የበረዶ ግግርና በገመድ የሚታለፍ ቀጥ ያለ አቀበት አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2012 የበረዶ ናዳ ሌሊት በድንኳናቸው ውስጥ በተኙ ተራራ ወጪዎች ላይ ወርዶ 11 ሰዎችን ገድሏል። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2022 እንደገና ናዳ ወርዶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። የአየሩን ጠባይ የሚያውቅ፣ መቼ መመለስ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ሼርፓ አብሯችሁ ይውጣ ወይም አይውጣ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ በተጨማሪ ክፍያ ዝርዝር ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

ስለ ኦክስጅን በዝርዝር መናገር የግድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ከብዙ ደብዳቤ ልውውጥ በኋላ ድርጅቱ «ኦክስጅን እንጨምርላችኋለን» አለን። ስንት ብለን ስንጠይቅ ለአንድ ሰው አንድ ሲሊንደር ሆኖ ተገኘ፤ ጭምብሉና የግፊት መቆጣጠሪያው ደግሞ ለብቻ የሚከራዩ ናቸው። በተራራው ላይ በብዛት የሚሠራበት ሲሊንደር 4 ሊትር የሚይዝና እስከ 300 ባር ግፊት ድረስ የሚሞላ ሲሆን፣ ይህም ወደ 1,200 ሊትር ኦክስጅን ማለት ነው። በደቂቃ 2 ሊትር ለሚወስድ ሰው አሥር ሰዓት፣ 4 ሊትር ለሚወስድ ሰው ግን አምስት ሰዓት ብቻ ያገለግለዋል። ከመጨረሻው ካምፕ ተነሥቶ ጫፉ ላይ ደርሶ መመለስ ለጀማሪ ከአሥር ሰዓት ሊበልጥ ይችላል፤ በዚያ ላይ ከመነሣቱ በፊት በካምፑ የሚያርፍባቸው ሰዓታት አሉ። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር የተባለው ነገር ሰውን አውጥቶ ቁልቁል በሚመለስበት ጊዜ ባዶ እጁን የሚያስቀር ነው። የሲሊንደሩ ብዛትና መጠን፣ ጭምብልና መቆጣጠሪያ መካተቱ፣ እንዲሁም የሼርፓው የራሱ ኦክስጅን በማን ሒሳብ እንደሚገዛ በውሉ ውስጥ በቁጥር ይጻፍላችሁ። የመጨረሻውን ጥያቄ ማንም አይጠይቀውም፤ ነገር ግን የእናንተ ዋጋ የረከሰው ሼርፓው ያለ በቂ ኦክስጅንና ያለ ተገቢ መድን እንዲወጣ በመደረጉ ከሆነ፣ ያንን ዋጋ መቀበል አይገባም።

ሌላው ያስገረመኝ ነገር የ«ጫፍ» ትርጉም ነው። ውሉ ጫፍ የሚለው «ገመዱ የሚያበቃበትን ቦታ»፣ ማለትም ወጪዎች እየያዙ እንዲወጡ የተዘረጋው ገመድ የሚቆምበትን ነው፤ የምስክር ወረቀትም፣ ለሼርፓ የሚከፈል ጉርሻም ከዚያ ቦታ ጋር ተያይዟል። በማናስሉ ለብዙ ዓመታት አብዛኛው ሰው ይመለስ የነበረው ከእውነተኛው ጫፍ በፊት ካለ ከፍታ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከድሮን የተነሣ ፎቶግራፍ ይህን ቁልጭ አድርጎ ካሳየ በኋላ፣ የኔፓልን የተራራ ጉዞዎች የሚመዘግበው ሂማሊያን ዳታቤዝ ከ2022 ጀምሮ እውነተኛው ጫፍ ላይ ለደረሱ ብቻ ዕውቅና እንደሚሰጥ አሳውቋል። ገንዘባችሁን ከፍላችሁ በመዝገብ የማይቆጠር ቦታ ላይ እንዳትመለሱ ይህን አንቀጽ አስተካክሉት።

የሽያጭ ሠራተኛው ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ሲሰማ «እናንተ ደገኞች ናችሁ፣ ከፍታ ለምዳችኋል» አለን፤ በዚህም ምክንያት የጉዞው ቀን ሊያጥር እንደሚችል ነገረን። መርሐ ግብሩን ስናየው 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ካትማንዱ በሄሊኮፕተር ተነሥተን በዚያው ቀን ሳማጋዎን የተባለው መንደር፣ 3,500 ሜትር ገደማ ላይ እንድናድር የሚያደርግ ነው። የሕክምና መመሪያዎች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ ዕረፍት እንዲኖር ነው። ጎንደር ወይም ደብረ ብርሃን ተወልዶ ማደግ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ሰውነት ለከፍታ ያደረገው መላመድ ዝቅተኛ ቦታ ላይ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ዋሽንግተን አካባቢ ለዓመታት የኖረ ሰው ደገኛ ስለሆነ ብቻ በአንድ ቀን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ይበል ማለት ለሳንባና ለአንጎል እብጠት ማጋለጥ ነው። ከዚህ የከፋ ምክር በሙሉ የሽያጭ ንግግሩ ውስጥ አልሰማሁም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ ቪዛውን ልብ በሉ። ድርጅቱ ለሁላችንም «ቪዛ ካትማንዱ አየር ማረፊያ ስትደርሱ ትወስዳላችሁ» ብሎ ጽፎልናል። ይህ ለአሜሪካ ፓስፖርት ትክክል ነው። ኢትዮጵያ ግን ኔፓል ሲደርሱ ቪዛ ከማይሰጣቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አስቀድሞ ከኔፓል ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ማውጣት አለበት። በዚያው ውል ውስጥ «በቪዛ ችግር ምክንያት በመነሻው ቀን ያልደረሰ ደንበኛ ገንዘቡ አይመለስለትም» የሚል አንቀጽ አለ። ከጓደኞቻችን አንዱ ኤምባሲውን ደውሎ ባይጠይቅ ኖሮ የእሱ ክፍያ በሙሉ እንዲሁ ተበልቶ ይቀር ነበር።

ስለ መድን በአጭሩ፦ ብዙ የጉዞ መድን ከ6,000 ሜትር በላይ፣ አንዳንዱም ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርስ አደጋን አይሸፍንም፤ የከፍታው ቁጥር በመድኑ ሰነድ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የኔፓል መንግሥት ባካሄደው ምርመራ ቀላል ሕመም ያለባቸውን ተጓዦች ሳያስፈልግ በሄሊኮፕተር እያስወረዱ ከመድን ድርጅቶች ገንዘብ የሚሰበስቡ አስጎብኚዎች፣ የሄሊኮፕተር ድርጅቶችና ሆስፒታሎች መኖራቸው ተጋልጧል። የእኛ ውል ሄሊኮፕተር የመጥራት ሥልጣኑን ለድርጅቱ ብቻ ሰጥቶ ሒሳቡን ለደንበኛው የተወ ነበር። የመድን ድርጅታችሁን የድንገተኛ ጥሪ ስልክ ራሳችሁ ያዙ፤ ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀርም ሳትደውሉ ምንም አትፈርሙ።

ክፍያውን በሚመለከት፣ እኛን የጠየቁን በድርጅቱ ስም ወዳለ የባንክ ሒሳብ ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም በሐዋላ እንድንልክ ነው። ቀብዱ በዚያ መንገድ ስለሄደ የላክንበት ባንክ ሊያስመልስልን አልቻለም። ቀሪውን ክፍያ ግን አልላክንም። ከመክፈላችሁ በፊት የድርጅቱን የምዝገባ ፈቃድ ቅጂ፣ አብሯችሁ የሚወጣውን ሼርፓ ስምና የሥራ ልምድ ጠይቁ፤ የመውጫ ፈቃዱም ከኔፓል ቱሪዝም መምሪያ ሲወጣ የቡድኑ አባላት ስም ስለሚዘረዘርበት ስማችሁ ያለበትን ቅጂ እንዲልኩላችሁ በውሉ አስገቡ። ይህን ለመስጠት የሚያንገራግር ድርጅት ጋር መቀጠል የለባችሁም።

አሁን ድርጅቱ ቀብዱን ከመመለስ ይልቅ ለሚቀጥለው የመጸው ወቅት «እናሸጋግርላችኋለን» እያለ ነው። አልተቀበልንም፤ ማስታወቂያውንና ውሉን አያይዘን ለኔፓል ቱሪዝም መምሪያ አቤቱታ ልከናል። ማስታወቂያው አንዳንድ ቃላት ከአቤቱታው በኋላ ተለውጠውበታል፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ግብዣ የደረሳችሁ ካላችሁ ገጹን፣ የመልእክት ልውውጡንና የሐዋላ ደረሰኙን ዛሬውኑ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።