ኦሪጅናሉን ማኒፎልድ ሳታስመረምሩ ሄደር አታሠሩ

ወሎ ውስጥ አሮጌ የቤንዚን መኪና ያላችሁ፣ ወይም እንደኔ ከውጭ መጥታችሁ የቤተሰብ መኪና ልታሠሩ ያሰባችሁ ይህን አንብቡ። ማኒፎልድ ማለት ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ወደ ጭስ ማውጫው የሚያስገባው ብረት ነው፤ ሄደር ደግሞ በሱ ፋንታ ከቱቦ ተበይዶ የሚሠራ ነው። ደሴ ላይ አንድ ጋራዥ በጣም አናዶኛል፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ አንድ ቶርኖ ቤት ሆዴን አርሶታል። የጋራዡን ስም አልጽፍም፤ ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል።

መኪናው የአጎቴ ነው። አሮጌው ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ኤፍጄ 45፣ ባለ 6 ሲሊንደር 2ኤፍ ሞተር። ልጅ ሆነን ከኋላ ተጭነን ሐይቅ የሄድንበት መኪና ነው። ዛሬም እህል ይጭናል። ዴንቨር ሆኜ ስለ ቤት ሳስብ የዚህ ሞተር ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ነገሩን ቀለል አድርጌ ማየት አልቻልኩም።

ችግሩ ትንሽ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ጠክ ጠክ ይላል፣ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። መካኒክ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ የጭስ ማኒፎልዱ ተሰንጥቋል። ብረቱ ሲግል ይሰፋና ስንጥቁን ይዘጋዋል። አጎቴ «ይበየድልኝ» ብሎ አስገባው። ጋራዡ ግን «ጋሼ፣ ይሄ አይበየድም። ሄደር እንሥራልዎት፣ ሐረጎን እንደ አዲስ መኪና ይወጣልዎታል» አለው። ሐረጎ በደሴና በኮምቦልቻ መሐል ያለው ዳገት ነው። እኔ ስደርስ ሞተሩ ተፈቷል፣ ቀብድ ተከፍሏል።

ሄደር መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ኦሪጅናሉ ማኒፎልድ ወፍራም ካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ የሁሉም ሲሊንደር ጭስ እዚያው አጠገብ ለአጠገብ ይቀላቀላል። ሄደር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ቱቦ ይሰጠዋል፤ ጭሱ ርቆ ሄዶ ስለሚገናኝ አንዱ የሌላውን መውጫ አያጨናንቅም። ጥቅሙ የሚታየው ግን ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ነው። ዴንቨር ውስጥ አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ሄደር ሲያስገቡ አብረው ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍትም፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶርም ይቀይራሉ። 2ኤፍ የጭነት ሞተር ነው፤ ዋና ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 1,800 ዙር አካባቢ ነው። እህል ጭኖ በሁለተኛ ማርሽ ለሚወጣ መኪና ሄደር የሚጨምረው ነገር እዚህ ግባ አይባልም።

«ሐረጎን ይወጣልዎታል» የሚለው ወሬ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። መኪናው ሐረጎ ላይ የሚደክመው አየሩ ስለሳሳ ነው። ሄደር አየር አያመጣም።

2ኤፍ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የአየር መግቢያውና የጭስ መውጫው ማኒፎልድ በሞተሩ አንድ ጎን፣ መሐል ገብቶ እንዳያፈስ በሚዘጋ አንድ ጓርኒሲዮን ላይ ነው የሚታሰሩት። የጭሱ ሙቀት ከካርቡራቶሩ ሥር ያለውን መግቢያ ስለሚያሞቀው ቤንዚኑ ጠብታ ሆኖ ከመቅረት ይድናል። ሄደር ስታስገቡ ያ ሙቀት ይቀራል። በደሴ ብርድ፣ ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው፣ ሞተሩ ቶሎ አልነሳ ይላል፤ ከተነሳም እየተንተባተበ ነው።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። «ነገ ጠዋት ይደርሳል» አሉ። ጠዋት ስንሄድ መብራት ጠፍቷል። በማግስቱ ብየዳ የሚሠራው ልጅ ለቅሶ ሄዷል። ከዚያ ቱቦው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው ተባለ። ለቅሶም የመብራት መጥፋትም ያለ ነው፤ ይገባኛል። ግን እውነቱን ቢነግሩን ምን ነበረበት? አጎቴ በየቀኑ ከጢጣ ታክሲ እየተሳፈረ ይመጣል፣ በር ላይ ይቆማል፣ «ነገ» ይባላል፣ ይመለሳል። በዚያ ዕድሜው! የእረፍቴ ጊዜ በሙሉ እዚያ በር ላይ አለቀ። እናቴ ቡና አፍልታ ስትጠብቀኝ እኔ የማርሚታ ወሬ እሰማለሁ።

ዋጋውስ? ከአጎቴ ጋር የተስማሙበት ነበር። እኔ አሜሪካ እንደምኖር ሲሰሙ እጥፍ ሆነ። «ዶላር ጨምሯል ወንድሜ» አለኝ ባለቤቱ። ዴንቨር እኔ የምሄድበት ጋራዥ መፍቻ ሳያነሳ ዋጋውን ጽፎ ያስፈርመኛል፤ ከጨመረ ደውሎ ይጠይቃል። እዚህ ደረሰኝ ስል እንደ ስድብ ታየብኝ።

ከአዲስ አበባ መጣ የተባለውን ቱቦ ሳየው የውሃ ቧንቧ ነው። ብየዳው ዳር ዳር ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዟል፤ የቧንቧው ዚንክ ተቃጥሎ የሚተወው ነው። ጭሱ የሚበይደውን ልጅ ራሱ ይመርዘዋል። ከቴስታታው፣ ከሞተሩ የላይኛው ክፍል ጋር የሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት ደግሞ ስስ ላሜራ ነው። የብረት ማስመሪያ አጋድሜ አስቀመጥኩበት፤ መሐሉ ላይ ብርሃን ያሳልፋል። በብየዳው ሙቀት ጎብጧል ማለት ነው። አሳየኋቸው። «ጓርኒሲዮኑ ይሞላዋል» አሉኝ።

አልሞላውም። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ገና ሐረጎ አጋማሽ ላይ ዳዶዎቹ ላልተው ሞተሩ እንደ ጀነሬተር መጮህ ጀመረ። ጋቢናው ጭስ ጭስ ሸተተ። አክስቴ ራሴን አመመኝ አለች። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ ከማኒፎልድ የሚያፈስ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ እሱ ራሱ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። መስኮት ከፍተን፣ እየቆምን ወረድን።

ደግነቱ ኦሪጅናሉ አልተሸጠም ነበር። ጋራዡ ውስጥ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር፣ ቁራሌ ሊወስደው ከተዘጋጀ ብረት ጋር አግኝቼ ወስጄዋለሁ።

ኮምቦልቻ ያሉት ሽማግሌ ባለቶርኖ ማኒፎልዱን ተቀብለው በመዶሻ ቀስ ብለው መቱት፣ ድምፁን ሰሙት። ከዚያ በላምባ አርሰው ወለወሉትና ጠመኔ ፈጭተው ነሰነሱበት። ትንሽ ቆይቶ ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ላምባ ጠመኔውን አረጠበው፤ ቀጭን መስመር ወጣች። «ይኸዋ። ሌላ ቦታ አልሄደም። አብሽር ልጄ፣ ይበየዳል» አሉኝ።

ሥራቸውን ቆሜ አየሁት። ስንጥቁ እንዳይሄድ ጫፍና ጫፉን በድሪል በሱት። ስንጥቁን በሞላ ፈልፍለው ከፈቱት። ብረቱን በሙሉ አግለው በኒኬል ኤሌክትሮድ አጭር አጭር እያደረጉ በየዱ፣ በየመሐሉ በመዶሻ ይነካኩታል። ዙሁር ሲደርስ ሰግደው መጡ፤ ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ነግረውኝ ስለነበር አልተቸገርኩም። በመጨረሻ ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብረው አሳደሩት። ካስት አይረን ቶሎ ከቀዘቀዘ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። በማግስቱ የመግቢያውንና የመውጫውን ማኒፎልድ አንድ ላይ አስረው ፊቱን አስተካከሉት፤ ለየብቻ ቢስተካከሉ አንዱ ዝቅ ብሎ ያፈስ ነበር። የጠየቁኝ ገንዘብ ጋራዡ ከወሰደው ቀብድ ያንሳል። ቀድሞ ከነገሩኝም አንድ ብር አልጨመሩም።

መኪናው አሁን ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። ሐረጎንም እንደ ድሮው በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ ወጣው።

እናንተም የተፈታውን ዕቃ አጠገባችሁ አድርጉ፤ ለጋራዥ አትተዉ። «አይበየድም» ካሏችሁ ሌላ ባለሙያ ያንኳኳው። በእርግጥ ካለቀለት አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል አስፈልጉ። ሞተር አሳድሳችሁ የግድ ሄደር ካላችሁ፣ በፋብሪካ የተሠራ፣ የሚታሰረው ፊቱ ወፍራም የሆነ ይሁን፤ ያኔም ሞቆ ሲቀዘቅዝ ዳዶውን ደጋግሞ ማጥበቅ አለ። ኦሪጅናሉን መልሳችሁ ካሳሰራችሁም ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ቀጥሎ አንድ ጊዜ አጥብቁት።

ቧንቧውን ሄደር መልሰን አስረክበናል። ጋራዡ የቀብዱን ግማሽ መልሷል፤ ቀሪውን አጎቴ በሽማግሌዎቹ በኩል እየጠየቀ ነው።