በእጅ የሚዘወር የሕፃን ምግብ መፍጫ ለጓሮ አትክልት ይሆናል?

ለጓሮ ካሮትና ዱባ ከኤሌክትሪኩ ይሻላል፤ ድንችን እንደ ሙጫ አያደርገውም፣ የአተሩንም ልጣጭ ወንፊቱ ላይ ያስቀረዋል። ካሮቱን 1 ሳንቲሜትር አድርጎ ቆርጦ 15 ደቂቃ ያህል በእንፋሎት ማብሰል ነው፤ ሹካ ሲወጉት ካልፈረሰ መዘውሩ ይያዛል። ያኔ መታገል የለም፣ እጀታው ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰበራል። ከግማሽ በላይ ከሞሉትም በጎን ይተፋል። ዋናው ጉድለቱ ወንፊቱ ሥር ያለችው ጠርዝ ናት፦ ቃጫ ይሰገሰግባታል፣ ከደረቀ በጥርስ ብሩሽ ቢፈትጉትም አይለቅም። ስለዚህ ልጁ በልቶ ሳይጨርስ ውኃ ውስጥ ይዘፍዘፍ (ልጁ ሳይሆን መፍጫው)። ማኘክ ለጀመረ ልጅ ባለሰፊ ቀዳዳው ወንፊት ይበቃል። ሥጋ ግን አይሞከርም፤ ጅማቱ ምላጩ ላይ ይጠመጠማል።