ስሜን ተራሮች ለምትወጡ፦ እኒህን ስካውት ጠይቁ

ከጥምቀት በኋላ አምስት ሆነን ከጎንደር ተነስተን ደባርቅ ገባን። ጉዞውን ያሰናዳልን ሰው (ስሙ ይቅር) «ውሃ እንደሆነ በየደረሳችሁበት ሞልቷል» ስላለን፣ እኛም ሞኞች፣ አንዳንድ ሃይላንድ ብቻ ያዝን። ጀሪካኑ ከጓዙ ጋር በበቅሎ ቀድሞ ሄደ። ከግጭ ካምፕ በእሜት ጎጎ አፋፍ አድርገን ወደ ጨነቅ ካምፕ ስናቀና ጉም ወርዶ መንገዱን ዘጋብን። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የቀረን ውሃ ጉንጭ አይሞላም ነበር።

አብረውን የነበሩት ስካውት (የፓርኩ የታጠቀ አጃቢ) ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ «አያ» ነበር የምንላቸው። ትንሽ እንደሄድን ብርጭቆ የመሰለ ጅረት አገኘን። ልንደፋበት ስንል ጠመንጃቸውን እንደ መቀርቀሪያ አጋድመው ከለከሉን። አንዳችንን ይዘው ሽቅብ ወጡና ከብት የዋለበትን፣ እበት የሞላበትን የጅረቱን ዳር አሳዩት። «ጥሙን ትችሉታላችሁ፤ ቁርጠቱን ለማን ትሰጡታላችሁ?» አሉ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት ጠልቻቸው ነበር።

ጉሙ ገለጥ ሲል ከገደሉ አፋፍ ቆመው ቁልቁል ቃኙ። ጥር ላይ ጓሳው ሁሉ ቢጫ ነው፤ እሳቸው የፈለጉት በዚያ መሃል ለምለም የሆነች ጥጋት ነበር። አገኟት። ከአለት ስር የምትንጠባጠብ ምንጭ ናት፤ ሃይላንዶቹን ለመሙላት አንድ ሰዓት ግድም ፈጀብን።

አሁንም ጠጡ አላሉም። የአንዷን ጓደኛችንን ነጠላ አራት አጥፈው አጠለሉት። ነጠላው ላይ እንደ ክር የቀጠነች አልቅት ቀረች! ከዚያ ወዲያ ማንም አልተከራከራቸውም። ለቡና ብለን የያዝናት ትንሽ የጋዝ ምድጃ ነበረችን፤ በእሷ አፈላን። (እንጨት ብናጣ እንኳ ከፓርኩ አንድ የአስታ ጭራሮ አይሰብሩም፤ ያን ቀድመው ነግረውናል።) ገና ሲንፈቀፈቅ «ፈላ!» ብንል «ተዉት» አሉ። ላቦራቶሪ የምትሠራዋ ጓደኛችን ምክንያቱን አስረዳችን፤ 3,600 ሜትር ግድም ላይ ውሃ የሚፈላው ገና 88 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ሊንተከተክ ይገባል። ጎንደርም እኮ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ እቤቴ እስከዛሬ አረፋ ሳይ ነበር የማወርደው።

ጋዙ ሲያልቅ ለተረፈው ውሃ ከኮሮጇቸው ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) አወጡ። የተለመደው ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ቢሆንም ውሃው በረዶ ስለነበር አንድ ሰዓት አስጠበቁን። ሽታውን ለማጥፋት ከጣሳ ጣሳ እያንቆረቆሩ አናፈሱት። ጨነቅ የደረስነው ማታ 2 ሰዓት ሲሆን አንዳችንም ሆዳችንን አላመመንም። ከዚህ በፊት ጃርዲያ ይዞት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ፦ ይፈጥናሉ፣ ወሬ አይወዱም፣ እንግሊዝኛ አይችሉም። የውጭ እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ አስጎብኚ መጨመር አለባችሁ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስትመዘገቡ በስም ጠይቋቸው።

አያ፣ እግዜር ይስጥልን። ከአበላቸው በላይ ያዋጣነውን ገንዘብ አልቀበልም ብለው፣ ባዶ ሃይላንዶቹን ብቻ ለልጆቻቸው ሰብስበው ሄዱ።