ሎድ ያለውን ጥንታዊ ሞዛይክ ለማየት አስጎብኚ ለምትፈልጉ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ወላጆቻችሁን ወይም የሰፈራችሁን አረጋውያን ይዛችሁ ለመውጣት የምታስቡ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። በቅርቡ ከእናቴ የአረጋውያን ክበብ ጋር እዚህ እስራኤል ሎድ ከተማ ወደሚገኘው የሞዛይክ ማዕከል ሄደን ነበር፤ ሞዛይኩ በባለቀለም ጠጠር የተሣለ የጥንት ቤት ወለል ነው። ያስጎበኘን ወጣት የእኛው ልጅ ነው፤ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ፣ አማርኛውም ዕብራይስጡም ጥርት ያለ። በአደባባይ ላመስግንህ ብለው «ስሜን ግን አትጻፊ» አለኝ። እሺ ብያለሁ፤ ሥራውን ግን አልደብቅለትም።

እውነቱን ለመናገር፣ አዛውንቶቹ ሲወጡ ቅር ብሏቸው ነበር። ቀደም ሲል ሌላ ቦታ የወሰደን አስጎብኚ በዕብራይስጥ ዓመተ ምሕረት እየደረደረ ሲሮጥ፣ እኔ ከኋላ ከኋላ ሳስተረጉም፣ እነሱ ጥላ ፈልገው ተቀምጠው ነው የዋሉት። «ደግሞ ድንጋይ ልታሳዩን ነው?» ያሉኝ ነበሩ።

ይሄኛው ገና አውቶቡሱ ውስጥ ሳሉ ያዛቸው። ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ስንደርስ ማይክ አነሳና «በዘመቻ ሰሎሞን የመጣችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ» አላቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዚያ ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላዊ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ እዚያ ሲያርፍ፣ እዚሁ አጠገብ ሎድ ከተማ ውስጥ ያለው ወለል ገና አፈር ለብሶ እንደነበር ነገራቸው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፣ መንገድ ለማስፋት ሲቆፈር። «እናንተ ቀድማችሁታል» ሲል አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ።

ውስጥ ስንገባ ደግሞ ምንም አልተናገረም። ወንበር አስመጣ፣ መቆም የሚከብዳቸውን አስቀመጠ፣ «መጀመሪያ እናንተ እዩት፣ ከዚያ እንጨዋወታለን» ብሎ ዳር ቆመ። ወለሉ ሰፊ ነው፤ 180 ካሬ ሜትር ገደማ፣ የ1,700 ዓመት ዕድሜ ያለው የአንድ ባለጸጋ ቤት። አንበሳ፣ ዝሆን፣ አውራሪስ፣ ነብር፣ ዓሣ በያይነቱ፣ ሁለት የንግድ መርከቦችም አሉበት። ቀጭኔውን ሲያዩ ክርክር ተነሣ። አንዱ አባት «የአገራችን እንስሳ ነው» ቢሉ፣ አንዲት እማማ ደግሞ «ጎንደር ላይ የቱ ጋ አየኸው? እኔ ቀጭኔ ያየሁት ራማት ጋን ሳፋሪ ነው!» አሏቸው። ልጁ ጣልቃ አልገባም፤ ሲጨርሱ ነው እንዲህ ያሉ የአፍሪካ አውሬዎች ለሮማውያን የአደባባይ ትርኢት በመርከብ ይጋዙ እንደነበር የነገራቸው።

«ምን ይጎድለዋል?» ብሎም ጠየቀ። ብዙ ዝም ተባለ። በመጨረሻ አንዲት እናት «ሰው የለበትም» አሉ። ልክ ናቸው፣ በዚያ ሁሉ ሥዕል አንድም የሰው መልክ የለም። የቤቱ ባለቤት አይሁዳዊ ይሁን ክርስቲያን ወይም አረማዊ ሊቃውንቱ እንዳልቆረጡ በግልጽ ነገራቸው። አንዳንዱ አስጎብኚ እዚህ ላይ ተረት ይፈጥር ነበር።

እኔን የማረከኝ ግን የግንበኛው ነገር ነው። ከእኛ ጋር በወጣትነታቸው በግንብ ሥራ የኖሩ አባት ነበሩ። ልጁ ይህን አስቀድሞ አጣርቷል። ወለሉ እ.ኤ.አ. በ2009 ለጥገና ሲነሳ ሥሩ ባለው ልስን ላይ የሠራተኞቹ የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ባዶ እግርም፣ ጫማ ያደረገም፣ ትልቅም ትንሽም። ሠዓሊዎቹ ጠጠሩን ከመደርደራቸው በፊት የጫሩት መስመርም ታይቷል። ፎቶውን ለእሳቸው ሰጣቸውና «አባባ፣ ይሄ እንዴት ሊሆን ይችላል? ያስረዱን» አላቸው። ከዚያ በኋላ አስጎብኚው እሳቸው ሆኑ! ኖራው እርጥብ ሳለ ጠጠሩ ካልተቀመጠ እንደማይነክስ፣ ስለዚህም በአንድ ጊዜ የሚለሰነው በቀን የሚጨረሰው ብቻ እንደሆነ፣ የረገጠውም ሰው ሳይቸኩል እንደማይቀር፣ እጃቸውን እያወራጩ አስረዱ። የቤቱ የጭቃ ጡብ ግድግዳ ከነቀለሙ ወለሉ ላይ ተደርምሶ ሸፍኖ እንዳቆየው ልጁ ሲጨምርበት ደግሞ «ጭቃ ያድናል እኮ» አሉ። እኒህ አባት በክበቡ ውስጥ እምብዛም የማይናገሩ ሰው ናቸው።

ማዕከሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። እስከዚያ ድረስ ሞዛይኩ በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ በፓሪሱ ሉቭርና በሌሎችም አገሮች ሲታይ ቆይቷል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ፓስፖርቱ ከእኔ በለጠ በለኛ!» አለችው።

ለመውሰድ ለምታስቡ፦ ይህ ልጅ አይቸኩልም። በአንድ ቀን አራት ቦታ መዞር ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ብትይዙ ይሻላል። ብዙ ሕዝብ በአንዴ አይቀበልም፣ «ድምፄ ሳይሆን ጆሯቸው ነው የሚያልቀው» ይላል። ከጉብኝቱ በፊት ደውሎ ስለ እያንዳንዱ ሰው ይጠይቃል፤ ማን በትር ይይዛል፣ ማን መስማት ይቸግረዋል፣ ቀድሞ ምን ይሠሩ ነበር። ሰልችቶኝ ነበር፣ አሁን ገባኝ። የልጅ ልጆችም አብረው ከሄዱ በዕብራይስጥ ያጫውታቸዋል። ክፍያውን ቀድሞ ይነግራችኋል፣ በኋላ የሚጨምርባችሁ ነገር የለም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፣ ወላጆችህን ያኑርልህ። ስልኩን የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ከመሄዳችሁ በፊት የመክፈቻ ሰዓቱን ለማዕከሉ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ዓርብ ከሆነ ደግሞ እናቶች ለሰንበት ዝግጅት ስለሚቸኩሉ ሌላ ቀን ምረጡ።