የደፈረሰ አዲስ የመዋኛ ገንዳ ውሃ፦ በማጣሪያ ማጥራት ወይስ አዝቅጦ መምጠጥ?

አዲስ በተሠራ የጓሮ ገንዳ ውስጥ ውሃው የሚደፈርሰው ብዙውን ጊዜ ከግድግዳው ልስን በሚለቀቅ ደቃቅ ብናኝ ወይም በክሎሪን ማነስ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ክሎሪኑን መለካትና ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.6 ማድረስ ይገባል፤ ያለዚያ ሁለቱም መንገዶች ገንዘብ ማባከን ናቸው።

አንደኛው መንገድ ውሃ የሚያጠራ ፈሳሽ ጨምሮ ፓምፑን ቀንና ሌሊት ማሠራት ነው። ፈሳሹ ብናኙን እርስ በርሱ አያይዞ ማጣሪያው ሊይዘው በሚችል መጠን ያሳድገዋል። ድካሙ ትንሽ ቢሆንም ጥቂት ቀናት ይፈጃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ከዚያም ይረዝማል።

ሁለተኛው አሉሚኒየም ሰልፌት ነው። ከውሃው ጋር ተደባልቆ ፓምፑ ሲጠፋ ብናኙ በአንድ ሌሊት እንደ ነጭ ደለል ወለሉ ላይ ይዘቅጣል። ፈተናው የሚመጣው ጠዋት ነው፦ መምጠጫውን እጅግ በዝግታ ካልገፉት ደለሉ ተነሥቶ የሌሊቱን ሥራ ያበላሻል፤ የሚመጠጠውም በማጣሪያው ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ውጭ መፍሰስ ስላለበት ብዙ ውሃ ይጠፋል። ፒኤቹም ስለሚወርድ እንደገና መለካት የግድ ነው።

ወለሉ ጨርሶ ለማይታይ ገንዳ (በነገራችን ላይ በዚህ ሁኔታ ማንም ሊዋኝበት አይገባም)፣ የአሸዋ ማጣሪያውም የማስወገጃ መስመር ካለው፣ ማዝቀጡ ይመረጣል። ካርትሪጅ ማጣሪያ (ብዙውን ጊዜ የማስወገጃ መስመር የሌለው፣ ተነቅሎ የሚታጠብ ማጣሪያ) ለገጠመ፣ ውሃ በቦቴ ለሚያስመጣ ወይም ድፍርሱ ቀላል ለሆነበት ሰው ግን የመጀመሪያው ይሻላል።